ከላይ አንዷን ብቻ መርጠን የወጣን ሰዎች

በየዓመቱ ኖቬምበር 4፣ ኦባማ በ2008 የተመረጠበት ቀን ሲደርስ ያንን ፎቶ ትለጥፉታላችሁ። የቱን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ እዚህ ዲሲ ዩ ስትሪት ላይ በሌሊት የተነሳችሁት፣ ባንዲራ አንገታችሁ ላይ ጠምጥማችሁ፣ የኦባማን ቲሸርት ከጃኬት በላይ ለብሳችሁ፣ ጥርስ በጥርስ ሆናችሁ። ከስሩ "ወይ ያቺ ሌሊት!" ይባላል፣ አንዱ ልብ ይልካል፣ ሌላው "ምን ዋጋ አለው፣ ልጃችን ምንም ሳይሰራልን ሄደ" ይላል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይሰድባል፣ በቃ እስከ ከርሞ ደህና ሁኑ። እኔም ፎቶው አለኝ ኧረ አልዋሽም፣ እንደውም የኔው ላይ አንድ የማላውቀው ጎረምሳ የታክሲዬ ኮፈን ላይ ጫማውን እንዳደረገ ቆሞበታል። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ከዳር ቆሜ እንዳይመስላችሁ፣ ቁጣው መጀመሪያ የሚያርፈው እኔው ላይ ነው። ግን እስከመቼ ዝም ይባላል፣ እኛ የዲሲ የሜሪላንድ የቨርጂኒያ ሐበሾች፣ ፓስፖርታችን ሰማያዊ የሆነ፣ ቀኝ እጃችንን አንስተን ምለን ዜግነት የወሰድን ሰዎች፣ ያቺን ሌሊት እንደ ሰው ሰርግ በልተን ጠጥተን ነው የሄድነው። ማን እንደደገሰው አልጠየቅንም፣ ሳህን ማጠቡም ላይ አልነበርንም።

ምሽቱ ግን ምሽት ነበር እኮ! ማክሰኞ፣ በኛ ጥቅምት 25, 2001። ራዲዮ ከፍቼ 14ኛው መንገድ ላይ ነበርኩ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን የዌስት ኮስት ምርጫ ጣቢያዎች ተዘጉ፣ ወዲያው ቲቪው ሁሉ ባንድ አፍ ኦባማ አሸነፈ አለ። ከዛ የሆነውን ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፣ የየሬስቶራንቱ በር ባንዴ ተበረገደ፣ ወጥ ቤት ያለችው ሽርጧን እንዳሸረጠች ጭልፋዋን ይዛ ወጣች፣ አስተናጋጇ ትሪ እንደ ከበሮ ትመታለች፣ እልልታው ቀለጠ፣ አጠገባችን ያሉት ነጭና ጥቁር አሜሪካኖች እልልታውን እንሞክር ብለው ምላሳቸው ተሳሰረ፣ ሁሉም ይስቃል ሁሉም ያለቅሳል፣ መኪና የተባለ ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል። መንገዱ ስለተዘጋ ቆምኩ፣ ያ ጎረምሳም ኮፈኔ ላይ ወጣ፣ ምን አገባኝ አልኩ፣ ይውጣ። ሰዉ ከዛ በእግሩ ወደ ኋይት ሃውስ ወረደ። ቺካጎ ግራንት ፓርክ ውስጥ ደግሞ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ጄሲ ጃክሰን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እንባው ሲወርድ በቲቪ አይታችኋል። 365 የኤሌክቶራል ድምጽ ለ173። ከ1964 ጀምሮ ዴሞክራት ፕሬዚዳንት መርጣ የማታውቀው ቨርጂኒያ እንኳን ተገለበጠች፣ እዛ አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች ቤት ለቤት እየዞራችሁ በር ያንኳኳችሁ ልጆች አላችሁ፣ እናንተን በዚህ ጽሁፍ አልነካችሁም፣ እጃችሁ ይባረክ። እኔ የምናገረው ብዙዎቻችንን ነው፣ በር ሳናንኳኳ ጡሩምባ የነፋነውን።

ከዚያ ግርግር ወጥቼ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ጆርጂያ አቬኑ ላይ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አነሱልኝ። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፣ ኮፍያቸው ያቺ የቤተክርስቲያኗ ዓይነት፣ አንገታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለ ባጅ አለ። ከንጋቱ ጀምሮ ምርጫ ጣቢያ ሲያስመርጡ ውለው፣ ቆጥረው፣ አስረክበው፣ ከዚያ ጓደኛቸው ቤት ገብተው ውጤቱን አይተው ነው የሚሄዱት። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሲያሹ በመስታወት አየኋቸው። እኔ ደሞ ሞቅ ብሎኛል፣ ዘወር ብዬ "ማም፣ ልጃችን አሸነፈ!" አልኳቸው።

"የማን ልጅ?" አሉኝ።

ሳቅኩ፣ አባቱ ኬንያዊ ነው፣ እኛ ኢትዮጵያ ነን፣ ጎረቤት ነን ምናምን አልኩ። ፈገግ አሉ፣ እንኳን ደስ አለህ አሉኝ፣ ትንሽ ቆዩና "ከሱ ስር ማንን መረጥክ?" አሉ።

ከሱ ስር? ከሱ ስር ምን እንዳለ መች አየሁና። ወረቀቱን ተቀበልኩ፣ ከላይ ያቺን አንዷን አደረግኩ፣ የቀረውን ሳላነበው መልሼ ሰጥቼ ወጣሁ፣ እንደውም ቶሎ ልውጣ ብዬ እየሮጥኩ። ዝም ስል ገባቸው። ዛሬ ሙሉ ቀን ያንተን ዓይነት ስንቱን አየሁ፣ ሁለት ሰዓት ተሰልፎ ይገባና በግማሽ ደቂቃ ይወጣል፣ አሉኝ። ከዛ ጣታቸውን በወንበሮቹ መሃል አሾልከው ወደ ታክሲው ሜትር ቀሰሩ። ቀዩ ቁጥር ይዘላል። "ይሄን እዚህ የሰካብህ ኋይት ሃውስ ነው?"

እዚህ ላይ ታክሲ ላልነዳ ሰው ላስረዳ። እስከ 2008 ጸደይ ድረስ ዲሲ ውስጥ ታክሲ በዞን ነበር የሚሰራው፣ ካርታው የኋላ ወንበር ፊት ይለጠፋል፣ ከዚህ ዞን እዛ ዞን ይሄን ያህል፣ ትራፊክ ኖረ አልኖረ ሂሳቡ ያው ነው። ከዛ ኮንግረስ ውስጥ አንድ የሚሺጋን ሴናተር በሕግ ውስጥ አንዲት አንቀጽ አስገባ፣ ካርል ሌቪን፣ ዲሲ ወደ ሜትር ትግባ፣ ከንቲባው ካልፈለገ ግን መተው ይችላል የምትል። ከንቲባው በ2007 ኦክቶበር ሜትር ይሁን ብሎ ወሰነ። እኛ አበድን፣ አድማ መታን፣ የከተማው አዳራሽ ዊልሰን ቢልዲንግ ደጃፍ ጮህን። ሜትሩ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን አሁን አላነሳም፣ ተሳፋሪው ወዶታል፣ እኛ ውስጥም በኋላ የለመደው አለ። ነገሬ ሌላ ነው። እንጀራችንን የነካው ውሳኔ የወጣው ከከተማ አዳራሽ ነው፣ ያንን ከንቲባ ያስመረጠው የ2006 ምርጫ ነው፣ በዚያ ምርጫ ግን ዩኒየን ስቴሽን ሰልፍ ላይ አብረውኝ ከሚቆሙት ዲሲ ነዋሪዎች መርጫለሁ ያለኝ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ኤርትራዊ ነው። ሌሎቻችን ሜሪላንድ የምንኖረው አይመለከተንም አልን፣ እዚሁ የምንኖረው ደግሞ የዛን ቀን ስራ ነበረን። በ2010 ሴፕቴምበር ፕራይመሪ፣ ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት ምርጫ ላይ ያው ከንቲባ ሲሸነፍ ግን ሐበሻ ሹፌር ነቅቶ ነበር፣ ሰው እየጠራ፣ ሰው እያመላለሰ። አያችሁ፣ ስንናደድ እንችላለን። ሳንናደድ ነው የማንችለው።

አሮጊቷ ሲወርዱ ቲፕ ጨምረው ሰጡኝ፣ ክፋት አልነበራቸውም። እኔ ግን ያቺ "የማን ልጅ?" ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች።

እውነት ግን የማን ልጅ ነው? እስቲ ረጋ ብለን እናውራ። ያን ሌሊት የተሸነፈው ማኬይን፣ አሪዞና ላይ ቆሞ ደጋፊዎቹ ሲያጉረመርሙ በእጁ ዝም አሰኝቶ፣ ይሄ ምርጫ ለጥቁር አሜሪካውያን የተለየ ትርጉም እንዳለው አውቃለሁ፣ ዛሬ የእነሱ ኩራት ነው ብሎ በአደባባይ መሰከረ። ቡከር ቲ ዋሽንግተን ኋይት ሃውስ እራት ተጋበዘ ተብሎ አገር የተቆጣበትን ዘመን ሁሉ አነሳ። የተሸነፈው ሰው ድሉ የማን እንደሆነ አውቆ ለባለቤቱ ሰጠ። እኛስ? እኛ "ልጃችን" አልን። አንዱ የቡና ጠበብት ደግሞ፣ መቼም በየካፌው አንድ አይጠፋም፣ የአባቱ ጎሳ ሉኦ እኮ ከኛ አኝዋክ ጋር በቋንቋ ዘመድ ነው ብሎ ኦባማን በጋምቤላ በኩል ቤት አስገባው። ዘመድነቱ እውነት ነው፣ የቋንቋ ምሁራንም የሚሉት ነው። ጭብጨባ ሆነ። እኔ ያኔ ያላልኩትን አሁን ልበል፣ በ2003 ዲሴምበር ጋምቤላ ላይ አኝዋኮች በመቶ የሚቆጠሩ ሲገደሉ እዛው ካፌ ነበርን፣ ያው ወንበር፣ ያው ቡና፣ እና ዘመድነቱን ያነሳ ሰው አልነበረም። ዘመድ የምንቆጥረው ሲያሸንፍ ነው ማለት ነው።

ከሱ የሚብሰው ደግሞ ይሄ ነው። ያንን ሌሊት አብረናቸው የጨፈርናቸውን ሰዎች በማግስቱ ቤታችን ውስጥ ምን ብለን ነው የምንጠራቸው? ያቺን ቃል አልደግማትም፣ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ልጆቻችንን "ከነሱ ጋ አትግጠም፣ ሱሪህን ከፍ አርግ፣ እንደነሱ እንዳትሆን" እያልን አሳድገን፣ ኖቬምበር 4 ላይ "እኛ ጥቁሮች" ብለን ጎዳና ወጣን። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ በማግስቱ ጠዋት "አባ እኛ ጥቁር ነን እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንዳልኩት ልንገራችሁ? ቁርስህን ብላ አልኩት።

የመጣንበት በር በማን ትከሻ እንደተከፈተ አናውቅም፣ ወይ እናውቃለን ግን አይመቸንም። በ1965 ማርች አላባማ ሴልማ ላይ፣ ያቺ ድልድይ ላይ፣ ሰው ልምረጥ ስላለ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ተፈጨ፣ ጆን ሉዊስ ጭንቅላቱ ተሰበረ። ኦገስት 6 የመምረጥ መብት ሕግ ተፈረመ። ሁለት ወር አይሞላም፣ ኦክቶበር 3 ደግሞ የኢሚግሬሽን ሕጉ፣ ለሰሜንና ምዕራብ አውሮፓ አድልቶ ለአፍሪካና ለእስያ በሩን ሊዘጋ ምንም ያልቀረውን ኮታ ያነሳው። ያው ፕሬዚዳንት፣ ያው ዓመት፣ ያው ትግል ያመጣው ንፋስ። ከዛ በኋላ ነው የ1980ው የስደተኞች ሕግ፣ ከዛ በኋላ ነው የ1990ው ሕግ ያመጣው ዲቪ፣ እናንተ ፖስታ ቤት ተሰልፋችሁ ፎርም የላካችሁበት፣ እናታችሁ ስለት የተሳለችበት። ዲቪ ከሰማይ አልወረደም ወገኖቼ። ከድልድዩ ላይ የወደቀ ሰው አለበት።

የጨፈርንበት መንገድስ ቢሆን? ዩ ስትሪት እኮ ለነሱ ብላክ ብሮድዌይ ነው፣ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ሰፈር ነው፣ መሃል ከተማ አናስገባም ሲባሉ የራሳቸውን ቲያትር የራሳቸውን ባንክ የከፈቱበት። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለ ለት እሳቱ የጀመረው እዛው 14ኛውና ዩ መገናኛው ላይ ነው፣ ከዛ በኋላ ስንት ዓመት ፍርስራሽ ሆኖ ከረመ። አዳምስ ሞርጋን ኪራይ ሲያስመርረን እኛ ወደዛ ወረድን፣ 9ኛው ላይ ክትፎ ቤት ከፈትን፣ መንገዱን አሟሟቅነው፣ ጥሩ አደረግን፣ ይሄን ማንም አይክድም። ግን በ2005 አካባቢ "ሊትል ኢትዮጵያ" ተብሎ ይሰየምልን ስንል ነባሩ ሰው ሲቃወም "ምቀኝነት ነው" አልን። ሎስ አንጀለስ በ2002 የራሷን ፌርፋክስ መንገድ ሰጥታ የለ እንዴ አልን። ከመሃላችን ሄዶ ቤተክርስቲያናቸው ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ለምን እንደከፋቸው ያዳመጠ ስንት ነው? ቅሬታቸው ትክክል ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እኔም ስያሜውን እወደው ነበር። ሳንሰማቸው መፍረዳችን ነው የሚያሳፍረው።

እና ሰርጉ አለቀ፣ ሙሽራው ጥር ላይ ቃለ መሃላ ፈጸመ፣ ያን ቅዝቃዜ ችላችሁ ናሽናል ሞል የቆማችሁ ሁላችሁም ጉንፋን ይዛችሁ ተመለሳችሁ። ከዛስ?

ከዛ ተኛን። ቨርጂኒያ በዓመቱ፣ ኖቬምበር 2009፣ ገቨርነር ምርጫ ነበራት። ቨርጂኒያ በየጎዶሎ ዓመቱ እንደምትመርጥ የማያውቅ ሐበሻ እስካሁን አገኛለሁ፣ አናንዴል 15 ዓመት ኖሮ። በ2008 ከተመዘገበው መራጭ አራት እጅ ሦስቱ ወጥቶ ነበር፣ በ2009 ወደ 40 ፐርሰንት ወረደ፣ ኦባማን መርጣ የነበረችው ስቴት በ17 ነጥብ ልዩነት ለሪፐብሊካኑ ተገለበጠች። እኔ ለዚህ ፓርቲ ወይ ለዛ ፓርቲ አይደለም የምከራከረው፣ ሪፐብሊካን ሁን ምን አገባኝ፣ ግን ቢያንስ ሄደህ ሁን! በ2010 ሚድተርም፣ በፕሬዚዳንቱ ዘመን መሃል በሚደረገው የኮንግረስ ምርጫ፣ የኦባማ ፓርቲ ከተወካዮች ምክር ቤት 63 ወንበር አጣ። ከዛ ቀን ጀምሮ ሰውየው ያሰበውን ነገር በሙሉ በግማሽ እጁ ነው የሰራው። እኛ ግን ሚድተርም ምን እንደሆነ ሳናውቅ "ምንም አልሰራልንም" ማለት ጀመርን። ምን ይስራልህ፣ እሱን ቤተመንግሥት አስገብተህ ውጪ ያለውን በር ቆልፈህበት ሄድክ።

ይሄ ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ ከቤት ነው ያመጣነው። እኛ አገር ከላይ የተቀመጠ ሰው ካለ ነገር ሁሉ ከሱ ነው፣ ዝናብም እህልም ፍርድም። ደጅ መጥናት ነው የምናውቀው፣ ንጉሡ መኪና ውስጥ እያሉ ወረቀት ጠቅልሎ መወርወር ነው የምናውቀው፣ አባቴ ራሱ ወርውሯል። ስለዚህ እዚህ አገር መጥተንም ድምጽ መስጠትን አቤቱታ መወርወር አደረግነው፣ አንዴ ወርውረን መልስ ጠበቅን። እዚህ ግን ሰውየው ንጉሥ አይደለም፣ ቀጥረኸው ነው የገባው፣ ቀጥሮ የሚጠፋ አሠሪ ደግሞ የትም አገር አይከበርም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ 2015ን አስታውሱ። ጁላይ ላይ ኦባማ አዲስ አበባ ሄደ፣ በስልጣን ላይ እያለ ኢትዮጵያን የረገጠ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት። ከሁለት ወር በፊት በተደረገው ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወስደዋል፣ አንድ እንኳን አልተረፈም፣ እና ኦባማ መግለጫ ላይ ቆሞ በዲሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ መንግሥት ብሎ ጠራው። ኡኡኡ! እዚህ ዲሲ ሰማይ ተደፋ፣ "ከዳን"፣ "ልጃችን ሸጠን"፣ ቲሸርቱን ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ፣ ያችኑ የ2008ቷን። ንዴቱ ተገቢ ነበር፣ እኔም ተናድጃለሁ። ግን ለማን ደወልን? ለማንም። ቲሸርት ሲቃጠል ስልክ አይጠራም። ከዛ ደግሞ በ2018 ኤፕሪል ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የወጣው ውሳኔ፣ ኤችአር 128፣ በተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ እዩት፣ ያንን የገፋው ፕሬዚዳንት አልነበረም፣ ከኒው ጀርሲ ክሪስ ስሚዝ አቀረበው፣ ከኮሎራዶ ማይክ ኮፍማን ሙጭጭ ብሎ ያዘው። ኮፍማን ለምን ያዘው ትላላችሁ፣ ኢትዮጵያን ስለወደዳት? አውሮራ ውስጥ ወረዳው በሐበሻ የተሞላ ነበር፣ ቢሮው ሲከፈት ሐበሻ በር ላይ ነበር፣ ምርጫ ሲመጣም ሐበሻ ሰልፍ ላይ ነበር። ውሳኔውን ውደዱት ጥሉት፣ አሠራሩ ግን እንዲህ ነው። ተራ ታክሲ ነጂና ነርስ በሰፈሩ ሰው አማካይነት ዋሽንግተን ድረስ እጁ ደረሰ። እኛ ዋሽንግተን ውስጥ ተቀምጠን አልደረሰም። እርግጥ ነው እኛ ዲሲ ውስጥ ያለነው ኮንግረስ ላይ ድምጽ ያለው ሰው እንኳ የለንም፣ የዲሲ ተወካይ ኤሊኖር ሆልምስ ኖርተን ለዘመናት ተቀምጠውም ሕግ ሲጸድቅ ድምጽ መስጠት አልቻሉም፣ ይሄም ራሱ ሊያስቆጣን የሚገባ ነገር ነበር፣ ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ታርጋችን ላይ ተጽፎ እየዞርን እኮ ነው፣ ያለ ውክልና ታክስ ይላል፣ በቀን አስር ሰዓት ከኋላው ነው የምነዳው።

"ጊዜ የለንም" ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፣ ሁለት ስራ፣ ሌሊት ፓርኪንግ ቀን ዴይኬር፣ ዌስተርን ዩኒየን ሰልፍ፣ ለቅሶ፣ ክርስትና። ግን በየጁላይ ለሐበሻው የኳስ ውድድር ስቴት አቋርጠን እንሄድ የለ እንዴ? ለዘፋኝ ኮንሰርት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ በእግራችን ቆመን እንጠብቅ የለ? ለእድሩ ስብሰባ ሊቀመንበር ለመምረጥ አምስት ሰዓት እንጨቃጨቅ የለ፣ ያውም በሥነ ሥርዓት ጥያቄ! የእድር ሊቀመንበር ላይ የምናወጣውን ጉልበት ሩቡን የትምህርት ቦርድ ላይ ብናወጣው ልጆቻችን የሚማሩበትን እኛ እንወስን ነበር። ሰፈራችሁን የሚወክል የኤኤንሲ፣ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን፣ ኮሚሽነር አለ፣ ወደ 2,000 ለሚሆን ሰው አንድ፣ ደሞዝ የለውም፣ ሬስቶራንታችሁ የመጠጥ ፈቃድ ሲያወጣ የመጠጥ ቦርዱ የዚያን ኮሚሽን አስተያየት ትልቅ ክብደት ሰጥቶ ነው የሚሰማው። ያንን ሰው በስም የምታውቁት ባለ ሬስቶራንቶች እጃችሁን አውጡ። ፈቃዱ ሲዘገይ ግን "ዘረኝነት ነው" እያላችሁ ለኔ ነው የምትነግሩኝ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ሹፌር ነኝ። ሆኖም ሊሆን ይችላል፣ አይሆንም አልልም፣ ግን ሰውየውን አንድ ቀን ሻይ ጋብዛችሁት ታውቃላችሁ?

በ2016 ውጤት ለሊት ላይ ያለቀሳችሁም፣ በዛው ለሊት ሌላው ሲያለቅስ የሳቃችሁም፣ ሁለታችሁም ያው ናችሁ ለኔ። ሁለታችሁም እስከ ቀጣዩ አራት ዓመት ጠፋችሁ። በ2021 ደግሞ ለቨርጂኒያ ገቨርነር ስትመርጡ የአገር ቤቱን ጦርነት ይዛችሁ ገባችሁ፣ ለባይደን ትምህርት ይሁነው ብላችሁ፣ ማን ልክ ነበር የሚለውን እሳት እዚህ አልጭርም፣ ግን ያኔ ተሰልፋችሁ ነበር፣ ተቆጠራችሁ፣ ጋዜጣም ጻፈባችሁ። ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ስላለው ነገር፣ ስለ ቤት ታክሱ፣ ስለ 395 የኤክስፕረስ ሌን ክፍያው ግን በዚያ ምርጫ አንድም ጥያቄ ስትጠይቁ አልሰማሁም። ጥያቄው አሥራ አንድ ሺህ ኪሎሜትር ርቆ፣ መራጩ ደግሞ እዚህ።

እሺ፣ ራሴንም ልናገር፣ ምክንያቱም ከአሮጊቷ በኋላ እኔም ወዲያው ሰው አልሆንኩም። በ2010 የሄድኩት በሜትሩ ተናድጄ ነው። 2014 ቀረሁ፣ ሰበብ ነበረኝ፣ አሁን አላስታውሰውም። በደንብ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፣ አሁንም ቢሆን ከወረቀቱ ግማሹን ስም አላውቀውም፣ ልጄን ነው የምጠይቀው፣ ያው ቁርስህን ብላ ያልኩትን ልጅ፣ አሁን እሱ ነው ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳኝ፣ አንዳንዴም ይቆጣኛል።

በ2022 ጁን የዲሲ ፕራይመሪ ላይ ሄድኩ። ዲሲ ውስጥ እውነተኛው ምርጫ ፕራይመሪው ነው፣ ኖቬምበር ላይ የሚሆነው ማጽደቅ በሉት፣ ለዚያ ደግሞ ያኔ ፓርቲ ላይ ካልተመዘገባችሁ አትገቡም ነበር፣ "ገለልተኛ ነኝ" ብላችሁ የኮራችሁ ሁሉ እዛ ጋ ነው ውጪ የቀራችሁት። ጂም ውስጥ ነው፣ የልጆች ቅርጫት ኳስ ሽታ አለው፣ ሰው የለም፣ እኔና ሁለት አሮጊቶች፣ አንድ ውሻ የያዘ ልጅ። መግቢያው ላይ ጠረጴዛ አለ፣ የመራጮች መመሪያ በየቋንቋው ተደርድሯል። የፌዴራሉ የምርጫ ሕግ ለስፓኒሽና ለእስያ ቋንቋዎች፣ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦችም ነው ተርጉሙ የሚለው፣ አማርኛ እዛ ዝርዝር ላይ የለችም። ዲሲ ግን በ2004 በራሷ የቋንቋ ሕግ አማርኛን አስገባች፣ እኛ ቢሮ ሁሉ ሲዘጋብን የነበረ ጊዜ የታገሉ ሰዎች ነበሩና። እና ቁልሉ እዛ አለ፣ በራሳችን ፊደል፣ ሀ ሁ ተጽፎበት፣ የስፓኒሹ ሁለት ቅጂ ቀርቶታል፣ የኛው ላስቲኩ እንኳን አልተፈታም።

ላስቲኩን ፈትቼ አንድ አነሳሁ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝና "ሁለት ውሰድ፣ ማንም አይወስደውም" አለችኝ።